መኖ ቀማሹ አው ዘካርያ

አው ዘካርያ የሞቱት ሐሙስ ጠዋት ነው። እኔ የሰማሁት ዓርብ ከሰዓት፣ ማንም የማያነበውን የስብሰባ ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ሳለ ነው። የነገረኝ የቢሯችን ሾፌር ነው። በሩ ላይ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ "እኚያ የዓሣው ሽማግሌ አረፉ አሉ። ትናንትናውኑ ተቀብረዋል" አለኝ።

"የትኛው ሽማግሌ?" አልኩት፣ የትኛው እንደሆኑ እያወቅሁ።

"መኖ የሚቀምሱት ናቸዋ!"

"ነፍሳቸውን ይማር" ብዬ ወደ ጽሑፌ ተመለስኩ። ቃለ ጉባኤውን እስከ መጨረሻው ጻፍኩት፤ የተገኙትን፣ ያልተገኙትን፣ በልዩ ልዩ ጉዳዮች የተነሳውን ሁሉ። ይህን የምናገረው ጎበዝ ነኝ ለማለት አይደለም። ደክሞኝ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጠዋት ስነሳም ይደክመኛል፤ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ደግሞ ስለ ሰው ከማሰብ ይቀላል።

ሐረሪዎቹ ትልቅ ሰውን "አው" ብለው ይጠሩታል፤ አባት እንደ ማለት ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሐረር ነው፤ ግን ከግንቡ ውጭ፣ የቅድመ አያቶቼ ልጆች በሰፈሩበት በአዲሱ ከተማ። ልጅ ሆኜ ጀጎል የምገባው ለገበያ ነበር፤ ገዝቼ እወጣለሁ። እዚያ ውስጥ "አባት" ብዬ የምጠራው ሰው አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

የተገናኘነው በዓሣ ምክንያት ነው። ከኤረር በር ወጥቶ ወደ ሶፊ በሚወርደው መንገድ፣ ምንጭ ያለበት ረባዳ ቦታ ላይ አንድ ፕሮጀክት ስድስት የሲሚንቶ ገንዳና ሁለት ኩሬ ሠራ። ሥራው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ማራባት፣ ጫጩቶቹን ጣት እስኪያህሉ አሳድጎ ኩሬ ለቆፈሩ ገበሬዎች ማከፋፈል ነበር። ዓሣ በሐረር! ያልሳቀብን ሰው የለም። የአክስቴ ልጅ፣ "ጅብ ማብላቱ አልበቃችሁ ብሎ ዓሣ ማጉረስ ጀመራችሁ?" እያለ ድፍን ዓመት ቀለደብኝ። እኔ የእንስሳት እርባታ ዲግሪዬን ታቅፌ በባለሙያነት ተቀጠርኩ። አው ዘካርያ በቀን ዘበኝነት።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ወደ ፊት የጎበጠ ሰው ነበሩ። ነጭ ኮፍያቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ሽርጣቸው ግን እስከ ጉልበታቸው መኖ ለብሶ ይውላል። ዘበኛ ተብለው ተቀጥረው አጥሩን ሲጠብቁ ያየኋቸው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ገንዳ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብለው ውሃውን ሲያዩ አገኘኋቸው። እስኪባረሩም ድረስ ከዚያ ጠርዝ አልተነሱም ማለት ይቻላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ መኖ መጣ። መኖው ፉርሽካ፣ ኑግ ዘይቱ ሲጨመቅ የሚተርፈው ፋጉሎ፣ ከቄራ የመጣ የደረቀ ደምና ትንሽ የደረቀ ዓሣ አንድ ላይ ተፈጭቶ የተዘጋጀ ነው። ጆንያውን ስፈታ አው ዘካርያ መጡና በሁለት ጣት ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉት። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ ከዚያ ተፉት።

"እንዴ! ምን እያደረጉ ነው? ደም እኮ አለበት!" አልኳቸው።

"እየቀመስኩ ነዋ፣ ልጄ።"

"የዓሣ መኖ ይቀመሳል?"

"አንቺ ለልጅሽ ሳትቀምሺ ታጎርሻለሽ?"

"ልጅ የለኝም።"

"ኢንሻአላህ ይኖርሻል፤ ያን ጊዜ ትቀምሻለሽ" አሉኝና ጆንያውን ወደ መጋዘን ጎተቱት።

ኋላ ነው የገባኝ። አው ዘካርያ ዕድሜያቸውን ሙሉ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ፤ ከአባታቸው የወረሱት ሙያ ነው። ጀጎል ውስጥ ያረጀ ቁርዓን እየፈቱ፣ እየሰፉ፣ በቆዳ እየለበጡ ኖረዋል። የሚለጥፉበት ሙጫ ከዱቄት የሚሠራ ነው፤ ዱቄቱ ሻጋታ ከነካው ያ ሙጫ የገባበት መጽሐፍ በዓመቱ በብል ያልቃል። ስለዚህ ጠራዥ ሙጫውን ሳይቀምስ አይለጥፍም። "ዓይን ይሸነግላል፣ አፍንጫም ይለምዳል። ምላስ ግን አያፍርም፤ የመረረውን መረረኝ ይላል" ይሉ ነበር። ሰው የተጠረዘ መጽሐፍ ከሱቅ መግዛት ሲጀምር ሥራው ቀዘቀዘ፤ እሳቸውም በስተርጅና ዘበኛ ሆኑ። ምላሳቸውን ግን ይዘውት መጡ።

እውነቱን ለመናገር ስለ ጫጩት አመጋገብ ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ ከእሳቸው ተምሬአለሁ። እኔ መኖውን በጫጩቶቹ ክብደት ልክ አሰላለሁ። እሳቸው የጫጩቶቹን አፍ ያያሉ። "አፉ የማይችለውን አትስጪው" እያሉ ለአዲሶቹ ጫጩቶች መኖውን በሻሽ ነፍተው እንደ ፑድራ ያደርጉታል። ትንሽ ሲያድጉ በወንፊት፣ ጠንከር ሲሉ በሰፋፊው ወንፊት። በቀን ስድስት ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ያውም እየበተኑ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ የሁለት ጊዜውን ባንድ ላይ ጨመርኩት። ሽርጣቸውን ሰብስበው ገንዳ ውስጥ ገቡና ወደ ታች የዘቀጠውን ትርፍ መኖ በጣሳ እየቀዱ ማውጣት ጀመሩ። ስድሳ ስንት ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። አፍሬ ተከትያቸው ገባሁ።

በየሳምንቱ ጥቂት ጫጩቶች በመረብ አውጥቼ እመዝናለሁ፤ ምን ያህል እንዳደጉ የሚታወቀው በዚያ ነው። አንድ ቀን ሚዛኑ ላይ ያስቀመጥኳቸውን አይተው ፈገግ አሉ።

"ሰናይት፣ እነዚህን ከየት አወጣሻቸው?"

"መኖ ከምንሰጥበት በኩል። ተሰብስበው አገኘኋቸዋ።"

"ሮጦ የሚመጣው የጠገበው ነው። ያልበላው ጥግ ሄዶ ተደብቋል። ከአራቱም ጥግ አውጪ።"

ከአራቱም ጥግ ሳወጣ አማካይ ክብደቱ ባንድ ጊዜ ወረደ። የሁለት ወር ሪፖርቴ ሁሉ የጠገቡት ሪፖርት ነበር። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹን ከትንንሾቹ ለይተን በተለያየ ገንዳ ማሳደግ ጀመርን፤ ያ ጥግ የተደበቀው ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ወፈረ። አው ዘካርያ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰለች ድረስ አወሩት።

የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ውስጥ እንደምታቅፍ፣ ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹ ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ እንደሚገቡ የነገርኳቸው ቀን ደግሞ አይረሳኝም።

"እና በአፏ ይዛቸው እንዴት ትበላለች?"

"አትበላም። እስኪወጡላት ትጾማለች።"

"ሱብሐነላህ!" ብለው ወደ ገንዳው ጎነበሱ። ከዚያ ወዲህ እናት ዓሣ ማለቱን ትተው "ጾመኛዋ" ይሏት ነበር።

ጫጩቶቹን የሚጠብቁት የሶፊ ሴቶች ነበሩ። አሥራ አምስት ሆነው፣ በዶማና በአካፋ፣ ከጫት ማሳቸው ጥግ ኩሬ ቆፍረዋል። አስተባባሪያቸው አደ ፋጡማ፣ ወይዘሮ ፋጡማ እንደ ማለት ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ከተማ ስትወጣ እኛ ጋ ጎራ ትላለች። ጣቷን ወደ ገንዳው ትዘረጋና፣ "ይህን አላከሉም?" ትላለች። አው ዘካርያ በኦሮምኛ ይመልሱላታል፤ ትሥቃለች፤ ትሄዳለች። ከፋሲካና ከዒድ በኋላ ልናስረክብ ቃል ገባንላቸው። ኩሬያቸው ውሃ ሞልቶ፣ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ እየጠበቀ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ዓቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙ።

የረመዳን የመጀመሪያ ቀን አዲስ መኖ ገባ። አው ዘካርያ ቀን እህል ውሃ አይቀምሱም። እኔ መቅመስ እችላለሁ፤ ግን መኖው ውስጥ ደም አለ፣ ዓሣም አለ፤ ለእኔ ደግሞ የጾም ወቅት ነው። ሁለታችንም ጆንያው አጠገብ ቆምን።

"ያንቺም ጾም ነው አይደል?" አሉኝ። የሐረር ሰው የሌላውንም ጾም ያውቃል። "ግድ የለም። ትንሽ ቋጥሬ ቤቴ ልውሰድና ከአፍጥር በኋላ ልቅመሰው። እስከ ነገ አሮጌው ይበቃቸዋል።"

"አያስፈልግም፣ እኔ እቀምሰዋለሁ። እተፋዋለሁ እንጂ አልውጠው" አልኩ። ቀመስኩም። ተፋሁ፣ ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጥኩ፣ ደህና ነበር። ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "በጾም? ደም?" አለችና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ለሁለት ቀን በደንብ አላናገረችኝም።

የሚቀጥለው ጆንያ የመጣው ሙቀቱ በበረታበት ቀን ነው። ሆዴ ባዶ ነው፣ ራሴን ያመኛል፣ የእናቴ ፊት ዓይኔ ላይ አለ። አው ዘካርያ ከወዲያኛው ገንዳ ሆነው፣ "ሰናይት፣ ቀመስሽው?" አሉኝ።

ጆንያውን ከፈትኩ። አየሁት፣ አሸተትኩት። የደረቀ ደም ብቻ ይሸታል፤ ሁልጊዜም የሚሸተው እሱ ነው። ዲግሪ ያላት ሴት ነኝ፤ ይህ ሁሉ መቅመስ የሽማግሌ ልማድ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

"ቀመስኩት" አልኩ።

"ምሬት የለውም?"

"የለውም። ደህና ነው።"

"በይ እንስጣቸዋ" አሉና ወንፊታቸውን አነሡ።

በአራተኛው ቀን መኖው ውሃው ላይ ተንሳፎ መቅረት ጀመረ። አው ዘካርያ፣ "አይበሉም" አሉኝ። ውሃው ሞቆባቸው ይሆናል አልኳቸው። በስድስተኛው ቀን የጫጩቶቹ ሆድ ተነፋ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ሞተው ተንሳፈው፣ ገንዳውን ነጭ በነጭ አድርገው ጠበቁን። በባልዲ ነው ያወጣናቸው። ስድስቱንም ገንዳ አንድ ዓይነት መኖ ስለሰጠን ስድስቱም ላይ እንዲሁ ነበር። አው ዘካርያ ቀኑን ሙሉ ባልዲ ሲያመላልሱ ዋሉ፤ ጾመኛ ነዎት፣ ይረፉ ብላቸው አልሰሙኝም።

ፀሐይ ስትጠልቅ በአንድ ቴምርና በውሃ አፈጠሩ። ሌላ ምግብ ሳይነኩ መጋዘን ገቡና ከጆንያው ቆንጥረው ቀመሱ። አጠገባቸው ነበርኩ። ፊታቸው ሲጨማደድ አየሁት። ተፉ፤ አሁንም ተፉ።

"ሬት ነው" አሉ። "ፋጉሎው ሻግቶ ነው የተፈጨው። ደሙ ሽታውን ሸፍኖታል።"

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቀስ ብለው ጆንያው ላይ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ይህን ዓይነቱን ምሬት የምላስ ጫፍ አያውቀውም። ከሥሩ ነው፣ ከጉሮሮ አጠገብ፣ ቆይቶ ነው የሚመጣው። አንቺ ጫፉን ነክተሽ ተፋሽው። ከየት ታውቂዋለሽ? እኔ ነኝ ያላሳየሁሽ።"

አፌን ከፈትኩ። አልቀመስኩትም ለማለት ነበር የከፈትኩት። አንድ ቃል ነው፤ ከዚያ በላይ አይደለም። ዘጋሁት። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

በማግስቱ ግን የፕሮጀክቱ ኃላፊ ከከተማ መጣ። ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ከመኪናው ብዙ ሳይርቅ ቆሞ፣ "መኖ የመፈተሽ ሥራ የማን ነው?" አለ። በወረቀት የእኔ ነው። የባለሙያ ፊርማ የሚለው ቦታ ላይ ፊርማዬ አለ። አፌን ሳልከፍት አው ዘካርያ ቀደሙኝ።

"የእኔ ነው" አሉ። "ጾም ነበርኩ፤ አልቀመስኩም። መቅመሱን ለእሷ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ገና አልለመደችም።"

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። "እንደዚያ ነው?"

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ዝም ማለቴን አዎ ብላለች ብሎ ወሰደው። ዘበኛ በማያገባው ሥራ ገብቷል የሚል የስንብት ደብዳቤ በሳምንቱ ተጻፈ። አው ዘካርያ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ "አልሐምዱሊላህ" ብለውኝ ሄዱ። ዒድ ሊሆን አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ቅዳሜ አደ ፋጡማ መጣች። ባዶዎቹን ገንዳዎች አንድ በአንድ አየችና፣ "እኛስ የቆፈርነውን ምን እናድርገው?" አለችኝ። ቆይቶ ፕሮጀክቱም ተዘጋ፤ እኔ ወደ ቢሮ ተዛወርኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቻቸዋለሁ፤ ኤረር በር፣ አትክልት ከሚሸጡት ሴቶች ፊት። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። በጣም ከስተዋል። "ብቅ በይ እንጂ ቤት። የማሳይሽ ነገር አለ" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። የምሬን ነበር እሺ ያልኩት፣ የዚያን ጊዜ።

ዛሬ ቅዳሜ ለቅሶ ደረስኩ። ቤታቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ውስጥ ነው። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ሴቶቹ ቀይ በተቀባው መደብ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ልጃቸው ነጅሚያ ስሜን ስነግራት ፊቷ በራ። እንዲያ ባይበራ ይሻለኝ ነበር።

"አንቺ ነሽ ሰናይት? አባቴ እኮ ሲጠብቅሽ ነው የኖረው!" ብላ ተነሣችና ከግድግዳው መደርደሪያ ሦስት ትንንሽ ጣሳ አውርዳ ፊቴ አስቀመጠች። ክዳናቸውን ከፈተችልኝ። ፋጉሎ ነው፤ የትኛው ምን እንደሆነ ነገረችኝ። አንዱ ደህናው፣ አንዱ ትንሽ የነካው፣ አንዱ ሻጋታው በዓይን የማይታይ ግን የተበላሸ።

"በየሁለት ወሩ ይቀይረው ነበር" አለችኝ። "ትኩሱን ከገበያ ያመጣል፣ ሌላውን አርጥቦ ያሻግታል። ይህን ቤት እንዴት እንዳገማው አትጠይቂኝ! ለማን ነው ስንለው፣ 'ሰናይት ስትመጣ ከሥሩ መቅመስ አስተምራታለሁ፤ ያ ሁሉ ነፍስ የጠፋው እኔ ሳላስተምራት ስለቀረሁ ነው' ይላል። አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ እንኳ፣ 'የጫጩቶቹ ነገር፣ እኔ ነኝ ያላሳየኋት' ይል ነበር። እኛ ደግሞ ይቀልዳል እንላለን። አይቀልድም ነበር።"

ጣሳዎቹን አየሁ።

"ነጅሚያ" አልኩ፣ "ያስተማሩኝ በቂ ነበር። የዚያን ቀን አልቀመስኩትም። ቀመስኩ ብዬ ዋሸኋቸው።"

አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ወደ እኛ ዞሩ። ነጅሚያ የጣሳ ክዳን በእጇ እንደያዘች አየችኝ። የተቆጣች አልመሰለኝም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

"አባቴ ያውቅ ነበር?"

"አያውቁም። አልነገርኳቸውም።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ?"

"ሁለት ዓመት ሙሉ።"

ክዳኑን ጣሳው ላይ መለሰችው። አልገጠመላትም፤ አዙራ ሞከረችው።

"ቤታችን ጠፍቶሽ ነው?" አለችኝ።

አልጠፋኝም ነበር። ቢሮዬ ከዚያ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም።